በረዶ ያለው ዋጋ ይቆርጣል፦ የአማዞን ወንዝ ዳር ቤተሰቦች

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ወሬዬን ከአንድ መርከብ ላይ ልጀምር። ብራዚል ውስጥ ቤሌም ከምትባል ከተማ ተነስቶ ወደ ማናውስ የሚሄድ መርከብ አለ። አማዞንን ይዞ ሽቅብ ነው የሚሄደው። አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል። መኝታው ከጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ነው። ሁሉም የራሱን ይዞ መጥቶ ይሰቅላል፤ ክንድ ለክንድ ተነካክቶ ይተኛል። እኔም ሰቀልኩ። አጠገቤ የሰቀሉት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ። በመጀመሪያው ማታ ልብስ ሲያጣጥፉ አየኋቸው። የልጅ ካናቴራ፣ ቁምጣ፣ አንድ ፓኬት ብስኩት። ሁሉንም ፌስታል ውስጥ ከተቱና አየር ሞልተውበት ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። ለማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ነገ ታየዋለህ» አሉኝ።

በማግስቱ መርከባችን ብሬቪስ አካባቢ ወዳለው ጠባብ መተላለፊያ ገባ። ማራዦ የሚባለው ትልቅ ደሴት ዳር ነው። ደኑ ከግራም ከቀኝም ተጠጋን። ከዚያ ከየእንጨት ቤቱ ትንንሽ ታንኳዎች ብቅ ብቅ አሉ። አንዷ ታንኳ ላይ እናት ሁለት ልጆች ይዛለች። የምትቀዝፈው ትልቋ ልጅ ነች፤ ቢበዛ ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል። ጎረቤቴ ፌስታሉን ወረወሩ። አየር ስላለው አልሰመጠም። ልጅቷ ቀዝፋ ደረሰችበትና አነሳችው። እጇን አውለበለበችልን። በሌላው ወገን ሁለት ወንዶች ልጆች ታንኳቸውን በሚሄደው መርከብ ጎን በመንጠቆ አያይዘው ዘለው ገቡ። በላስቲክ የታሰረ ሽሪምፕ ይሸጣሉ። መርከቡ ለማንም አልቆመም። ሸጠው እንደጨረሱ ገመዱን ፈተው ወደ ኋላ ቀሩ።

ያን ጊዜ ያየሁት ልመና ነበር የመሰለኝ። እያደር ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ከእነዚያ ቤቶች ጀርባ አሳኢ የሚባለው ፍሬ ያለበት ዘንባባ በሽ ነው። ወንዙ ዓሣና ሽሪምፕ አለው። ካሳቫ የሚባል ሥሩ የሚበላ ተክልም ይተክላሉ። የሚበላ ነገር ከደጁ የማያጣ ቤት የመርከብ ፌስታል ለምን ይጠብቃል? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ጥያቄ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እነዚህ ሰዎች በፖርቱጋልኛ «ሪቤይሪንዮ» ይባላሉ። የወንዝ ዳር ሰው ማለት ነው። አማዞን ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ላባ የሰካ ሰው ነው። ነባር ሕዝቦቹ የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ሌላ ቀን ይነገራል። ሪቤይሪንዮዎቹ የተቀላቀሉ ናቸው። የነባሩም፣ የፖርቱጋሉም፣ የአፍሪካውም ደም አለባቸው። የሚናገሩት ፖርቱጋልኛ ነው። አብዛኞቹ ካቶሊክ ናቸው፤ አሁን አሁን ጴንጤውም በርክቷል። እሁድ እሁድ ውሃው ከሸሸ እግር ኳስ አለ።

ውሃው ከሸሸ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ማናውስ ወደብ ላይ የወንዙ ከፍታ ከ1902 ጀምሮ ይለካል። በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ውሃው በአማካይ 10 ሜትር ያህል ወጥቶ ይወርዳል። የባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ማለት ነው። እዚያ መሬት የሚባለው ነገር ግማሹን ዓመት የለም። ስለዚህ ቤቱ ረጃጅም ምሰሶ ላይ ይቆማል። ወይም በግዙፍ ግንዶች ላይ ተሠርቶ ይንሳፈፋል፤ ከውሃው ጋር ይነሳል፣ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ሽንኩርትና ድንብላል የሚተከለው አሮጌ ታንኳ ውስጥ አፈር ሞልተው፣ ታንኳውን ምሰሶ ላይ ሰቅለው ነው። ዶሮዎቹ መወጣጫ ይሠራላቸዋል። ሙላቱ ከባሰ ወለሉ ላይ ሌላ ወለል ይነጠፋል። አሁንም ከባሰ ሌላ። ቤተሰቡ ጣሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ ሳምንታት ያሳልፋል። እባቡም ደረቅ ቦታ ፈልጎ እዚያው ይመጣል።

እና ረሃቡ የሚመጣው መቼ ይመስላችኋል? ውሃው ሲሞላ ነው። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። ሲሞላ ወንዙ ደኑ ውስጥ ይገባል። ዓሣውም ተከትሎ ይገባና ከዛፍ የሚረግፈውን ፍሬ ይለቅማል። በኪሎ ሜትር ተበትኖ መረቡ ባዶ ይወጣል። አባት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠምድ አድሮ ሁለት ትንንሽ ዓሣ ይዞ ይመለሳል። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ዓሣው ሐይቆቹ ውስጥ ይታጎራል፤ ያኔ ጥጋብ ነው። ሆኖም በጥጋቡ ወር የተያዘውን ዓሣ ለረሃቡ ወር ማቆየት ቀላል አይደለም። በዚያ ሙቀትና እርጥበት ዓሣ ለነገ አያድርም።

የሚቆየው የካሳቫ ዱቄት ነው። እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእነዚህ ሰዎች እውቀት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። አብዛኛው የሚተክሉት መራራው ካሳቫ ነው። መርዝ አለው፤ ሳያናይድ። ሥሩን አንዳንዶቹ ለቀናት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያለሰልሱታል። ሌሎቹ ልጠው ይፍቁታል። ከዚያ መጭመቅ አለ። መጭመቂያው «ቲፒቲ» ይባላል። ከተሰነጠቀ ሸምበቆ መሰል ተክል የተጎነጎነ ረጅም ቱቦ ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እርጥቡን ሊጥ ይሞሉታል። ላይኛውን ጫፍ ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ይሰቅላሉ። በታችኛው ማነቆ ረጅም እንጨት ያስገባሉ። ከዚያ እናትየው እንጨቱ ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። አንዳንዴ ልጆቿም ደርበው ይቀመጣሉ፤ ለልጅ ጨዋታ ነው። ቱቦው በክብደቱ ይሳባል። ሲሳብ ይጠባል። ሲጠብ ቢጫው ጭማቂ ይንጠባጠባል። መርዙ ያለው ጭማቂው ውስጥ ነው። እሱንም አይደፉትም። ሲያጠሉት ከሥሩ ነጭ ስታርች ይቀራል፤ ታፒዮካ የሚባለው እሱ ነው። ላዩን ደግሞ መርዙ እስኪጠፋ በደንብ ያፈሉትና ቱኩፒ የሚባል መረቅ ይሆናል።

የቀረው ሊጥ ተነፍቶ ትልቅ ምጣድ ላይ ይወጣል። በረጅም የእንጨት መቅዘፊያ ሳያቋርጡ ያማስሉታል። ጭሱና ሙቀቱ አይጣል ነው። ሰዓታት ይፈጃል። ቆጮ ሲፋቅና ሲጨመቅ እያየ ያደገ ሰው ካላችሁ የማወራው ወዲያው ይገባችኋል። የእንሰቱን ሥራ የሚያውቁ እናቶች ከቲፒቲዋ ሴት ጋር ያለ አስተርጓሚ ይግባቡ ነበር። ዱቄቱ ከተቆላ በኋላ ወራት ይቀመጣል። ዓሣ ሲጠፋ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ። ከድርቅም ከሙላትም የሚያሻግራቸው እሱ ነው።

አሁን ወደ ድህነቱ እንምጣ። ድህነቱ ታሪክ አለው። ከጎማ ይጀምራል።

ከ1877 እስከ 1879 የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ በድርቅ ተመታ። ሴያራ ከሚባለው ክፍለ ሀገር ሰው በገፍ ተሰደደ። በዚያው ዘመን ዓለም ጎማ ፈልጓል። በ1888 በአየር የሚነፋው የብስክሌት ጎማ ሲመጣ ፍላጎቱ ጣሪያ ነካ። የጎማ ዛፍ ያለው አማዞን ደን ውስጥ ነው፤ ተበታትኖ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ። ስለዚህ የራበው ገበሬ በመርከብ እየተጫነ ወደ ደኑ ገባ። የመርከቡ ዋጋ በዱቤ ነው። ዛፍ የሚያደማበት ቢላ በዱቤ ነው። ጠመንጃው፣ ጨው፣ ዱቄት፣ ሁሉም በዱቤ ነው። ገና አንድ ዛፍ ሳይነካ ባለዕዳ ሆነ። ዕዳውን በጎማ ይከፍላል። የጎማውን ዋጋ የሚቆርጠው ግን አበዳሪው ነው። የጨውንም ዋጋ የሚቆርጠው እሱው ነው። ሚዛኑም የእሱ፣ መዝገቡም የእሱ። ብዙ ቦታ ሠራተኛው የሚበላውን እንዳይተክል ይከለከል ነበር፤ ከመጋዘኑ እንዲገዛ። ለሌላ ነጋዴ የሸጠ ይቀጣል።

በዚህ ገንዘብ ማናውስ በ1896 በእብነ በረድ ያጌጠ ኦፔራ ቤት አስመረቀች። ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ያምራል። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ የታየኝ የዱቤ መዝገቡ ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር ድንገት ወደቀ። በ1876 አንድ እንግሊዛዊ፣ ሄንሪ ዊክሃም፣ 70 ሺህ ያህል የጎማ ዘር ከአማዞን አውጥቶ ነበር። ከዘሩ የበቀሉት ችግኞች ወደ እስያ ሄዱ። ከ1912 በኋላ የእስያ እርሻዎች ጎማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የአማዞኑ ዋጋ አፈር በላ። ነጋዴዎቹ ጠቅልለው ወጡ። ሠራተኞቹ ብዙዎቹ መመለሻ ስላልነበራቸው እዚያው ቀሩ። ከነባር ሕዝቦች ማጥመድ ተማሩ፤ ካሳቫ ተማሩ፤ የሙላቱን ጠባይ ተማሩ። ሪቤይሪንዮ የምንለው ሕዝብ ትልቁ ክፍል የተሠራው እንዲህ ነው። ገበያው ጠርቶ አመጣቸው፤ ገበያው ጥሏቸው ሄደ።

አንዴ ደግሞ ተጠርተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የእስያን እርሻ ስትይዝ አሜሪካ ጎማ አጣች። ብራዚል ከ50 ሺህ በላይ ሰው ከሰሜን ምሥራቅ መልምላ ደኑ ውስጥ አስገባች። «የጎማ ወታደሮች» ተባሉ። በወባና በሌላም ብዙዎቹ አለቁ። የተረፉት ጡረታ የተፈቀደላቸው በ1988ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ጠብቀው፤ ያውም በሕይወት የቆየ።

ጎማው ሄደ፤ የዱቤው መዝገብ ግን አልሄደም። ዛሬም በብዙ ወንዝ ላይ ጀልባ ይዞ የሚዞር ነጋዴ አለ። ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ቤንዚን ይሰጣል። ዓሣ፣ ዱቄት፣ አሳኢ ይወስዳል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ካለ መዝገቡን ያያል፤ ከሌለ ይታመናል። ዱቤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ነጋዴውን ጭራቅ አድርጌ ልስለው ግን አልፈልግም። ብዙ ጊዜ ወደዚያ ወንዝ የሚመጣ ሰው እሱ ብቻ ነው። ልጅ ታሞ ሌሊት ሲጠራ የሚደርስ ሞተር የእሱ ነው። የልጆቻቸው የክርስትና አባት ይሆናል። አበልጅ ናቸው ማለት ነው። እኛ አገር አበልጅህን በሚዛን ትከሰዋለህ? አትከሰውም። እዚያም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ለምን ራሳቸው ከተማ ወስደው አይሸጡም? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ መልሱን በአንድ ቃል ነበር የማገኘው፦ በረዶ።

አስቡት። አሳኢ ከዛፍ ከወረደ አንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ይበላሻል። ዓሣ በሰዓታት ነው። ከሐይቁ እስከ ከተማ በትንሽ ሞተር ታንኳ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ሊሆን ይችላል። የበረዶ ፋብሪካ ያለው ከተማ ነው። ብዙ መንደር ውስጥ መብራት የሚመጣው ጄኔሬተር ነዳጅ ሲያገኝ ለጥቂት ሰዓት ነው። በረዶ ጭኖ የሚመጣው ነጋዴው ነው። እና በረዶ ያለው ሰው ዋጋ ይቆርጣል። ዓሣ አጥማጁ «አይ፣ ነገ እሸጣለሁ» ማለት አይችልም። ዓሣው ነገን አያይም። ቡና ቢሆን፣ ጤፍ ቢሆን ጎተራ ያስገባና ዋጋ ይጠብቃል። ዓሣና አሳኢ የያዘ ሰው ግን ሰዓት እየቆጠረበት ነው የሚደራደረው። እነዚያን ልጆች ከመርከቡ ኋላ ያስሮጣቸው ይህ ነው። መርከብ ማለት ከነጋዴው ሌላ በደጃቸው የሚያልፍ ብቸኛ ገበያ ነው፤ ያውም የማይቆም።

አሳኢው ዛሬ በውጭ አገር ከተሞች ሁሉ ይሸጣል። ከዛፉ የሚያወርደው ግን ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ዘንባባው ቀጭን ስለሆነ ቀላል ሰው ይፈልጋል። ከቅጠል የተጠቀለለ ቀለበት እግሩ ላይ አጥልቆ፣ ቢላ ይዞ ይወጣል። ንጋት ላይ ቤሌም ወደብ አጠገብ የአሳኢ ገበያ አለ። ቅርጫቶቹ ተደርድረው፣ ደላላው እየጮኸ፣ በጨለማ ይሸጣል። ፀሐይ ስትወጣ አልቋል። እዚያ የሚሰማው ዋጋና ዛፉ ሥር የተከፈለው ዋጋ አይተዋወቁም።

እዚያው ማራዦ ላይ ሜልጋሱ የምትባል ወረዳ አለች። በ2010 በተሠራው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ከብራዚል 5,565 ወረዳዎች የመጨረሻዋ ነበረች፤ ሙሉ ነጥቡ 1 ሲሆን የእሷ 0.418። መለኪያው የሚያየው ገቢን፣ ትምህርትንና ዕድሜን ነው። በቲፒቲ ላይ የተቀመጠችውን ሴት እውቀት አያይም። ይህን ስል ግን ድህነቱን ማሳመሬ እንዳይመስላችሁ። ከከተማ ሄዶ «ገንዘብ ባይኖራቸውም ደስተኞች ናቸው» ብሎ የሚመለስ ሰው ያናድደኛል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከባድ ነው፣ ግን መነገር አለበት።

የትንሿ ጀልባ ሞተር መሀል ላይ ይቀመጣል። ከሞተሩ እስከ ኋላ የሚሽከረከር ብረት አለ። በብዙ ጀልባ ላይ ብረቱ ሽፋን የለውም። ጀልባው ውሃ ሲያስገባ ጎንበስ ብላ የምትቀዳው ልጅቷ ናት። ረጅም ፀጉር አላት። ፀጉሯ ብረቱ ላይ ይጠመጠማል። በቅጽበት የራስ ቆዳዋን ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ጆሮና ቅንድብም አብሮ። ሕክምናው ቤሌም ነው፤ ዓመታት የሚወስድ ቀዶ ጥገና። በ2009 ብረቱ እንዲሸፈን የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የባሕር ኃይሉም ሽፋን በነፃ ይገጥማል። ቢሆንም በስንት ሺህ ጅረት ውስጥ ያለን ጀልባ ሁሉ ማን ይደርስበታል? ሽፋኑ ራሱ ውድ ዕቃ አይደለም። ልጅቷን ከሽፋኑ የለያት ርቀት ነው።

መንግሥት ጨርሶ አልረሳቸውም። ከ2003 ጀምሮ «ቦልሳ ፋሚሊያ» የሚባል ለድሃ ቤተሰብ በየወሩ የሚሰጥ ገንዘብ አለ፤ ልጅ ትምህርት ቤት ከሄደና ከተከተበ። ዓሣ በሚራባበት ማጥመድ በተከለከለባቸው ወራት ለአጥማጆች ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ይከፈላል። ሐኪም ጭነው ወንዝ ለወንዝ የሚዞሩ ጀልባዎችም አሉ። ብዙ ልጅ አድኗል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን ገንዘቡ የሚወጣው ከተማ ነው። ለመሄድና ለመመለስ ቤንዚን ያስፈልጋል። የገንዘቡ ጥሩ ክፍል ታንኳው ሞተር ውስጥ ይቃጠላል። ባንኩ ጋ ሲደርሱ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ወይም ሲስተም የለም ከተባሉ ጀልባቸው ውስጥ ያድራሉ። በአንዳንድ ቦታ ካርዱን ከነምስጢር ቁጥሩ ባለሱቅ ጋ የሚያስይዙ አሉ። ባለሱቁ ያወጣላቸዋል፤ በዕቃ ያወራርዳል። የድሮው መዝገብ አዲስ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገራችሁ፤ ዛሬ ይህን ንግግር እንድሰጥ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ፒራሩኩ የሚባል ዓሣ አለ። እስከ ሦስት ሜትር ይረዝማል፤ ሁለት መቶ ኪሎ ይመዝናል። ዓሣ ይሁን እንጂ አየር ይተነፍሳል። በየ15 እና 20 ደቂቃው ብቅ ብሎ አየር ካልሳበ ይታፈናል። ለዚህ ነው በጦር የሚወጋው፤ ለዚህም ነው ሊያልቅ የደረሰው። በ1990ዎቹ በአማዞናስ ክፍለ ሀገር ማጥመዱ ተከለከለ። ክልከላው ግን ሐይቁን አልጠበቀም፤ ከከተማ የሚመጣ ጀልባ በሌሊት ይዘርፋል።

ከቴፌ ከተማ በላይ፣ ሶሊሞይስና ዣፑራ ወንዞች በሚገናኙበት፣ ማሚራውዋ የሚባል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሆነ ጥብቅ ቦታ አለ። ዦዜ ማርሲዮ አይሬስ የሚባል ብራዚላዊ የዝንጀሮ ተመራማሪ ነው ለጥበቃው የታገለው። በ1996 ነዋሪው ሳይፈናቀል የሚጠበቅ ቦታ ተብሎ ታወቀ። በዚያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጥብቅ ደን ሲባል ሰው ይውጣ ማለት ነበርና። ነዋሪው መብት እንዲኖረው ከዚያ በፊት ሌሎችም ከፍለዋል። የጎማ ሠራተኞቹ መሪ ሺኮ ሜንዴስ በዲሴምበር 1988 ቤቱ በር ላይ በጥይት ተገድሏል።

ማሚራውዋ ላይ በ1999 የተጀመረው ሥራ እንዲህ ነው። ውሃው ሲጎድል ዓሣ አጥማጆቹ ሐይቁን ይከፋፈሉታል። እያንዳንዱ ታንኳው ላይ ጸጥ ብሎ የተሰጠውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያያል። ፒራሩኩ ብቅ ሲል ይመዘግባል። ትልቅ ነው? ትንሽ ነው? ያኛው ቅድም የወጣው ነው ወይስ ሌላ? ልምድ ያለው አጥማጅ በድምፁ ይለያል፤ በውሃው ሽክርክሪት ይለያል። ሳይንቲስቶቹ መጀመሪያ አላመኑም። በራሳቸው ዘዴ ሲያመሳክሩት ቁጥሩ ገጠመ። ፊደል ባልቆጠሩ ሰዎች ጆሮ የተሠራ ቆጠራ የመንግሥት ሰነድ ሆነ። በቆጠራው መሠረት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከሆኑት ቢበዛ 30 በመቶውን እንዲያወጡ ይፈቀዳል። የቀረው ለዘር ይቀራል።

ዓመቱን ሙሉ ሐይቁን በተራ ይጠብቃሉ። ሌሊት፣ ተንሳፋፊ ጎጆ ውስጥ፣ ከታጠቀ ሌባ ጋር። ሴቶቹ መጀመሪያ ከደመወዙ ውጪ ነበሩ። አሁን በብዙ ቦታ ይጠብቃሉ፣ ዓሣውን ያርዳሉ፣ ድርሻቸውን በስማቸው ይወስዳሉ። ሽያጩ በማኅበር ነው። ገዢው ከመምጣቱ በፊት ዋጋው ተነጋግሮ ያለቀ ነው፤ በረዶውም ታዝዟል። በጁሩዋ ወንዝ በተደረገ ጥናት የተጠበቀ ሐይቅ ውስጥ ካልተጠበቀው ከ30 እጥፍ የሚበልጥ ፒራሩኩ ተገኝቷል። በገንዘቡ ጣሪያ ቀይረዋል፤ ሞተር ገዝተዋል፤ ልጅ ከተማ ልከው አስተምረዋል። ሀብታም ሆኑ አልልም፤ ኪሎው አሁንም ከተማ ላይ ብዙ እጥፍ ይሸጣል። ነገር ግን ነጋዴውን ቁጭ ብለው ይደራደሩታል።

ከወንዙ የተነሱትስ? በሺንጉ ወንዝ ላይ ቤሎ ሞንቴ የሚባል ግዙፍ ግድብ ሲሠራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተነሳ። ከመሀላቸው ብዙ ሪቤይሪንዮዎች ነበሩ። አልታሚራ ከተማ ዳር የኮንክሪት ቤት ተሰጣቸው። ቤቱ መብራት አለው። ታንኳው የሚቆምበት ግን የለም። ድሮ በነፃ ያጠምድ የነበረ ሰው ዓሣ ሱቅ ገብቶ ይገዛል። በወረቀት ሲታይ ገንዘብ ስለሚያንቀሳቅስ ኑሮው የተሻሻለ ይመስላል።

እና አሁን ወንዙ ራሱ ጠባዩ እየተለወጠ ነው። በ2021 ማናውስ ላይ ውሃው 30 ሜትር አለፈ፤ መለካት ከተጀመረ ትልቁ ሙላት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2023፣ ወደ 12.70 ሜትር ወረደ፤ እስከዚያ ድረስ ከተለካው ሁሉ ዝቅተኛው። በ2024 ደግሞ ከዚያም በታች ወረደ። አንዲት ልጅ ገና ዳዴ ስትል ወለሏ ላይ ውሃ ገባ፤ መሮጥ ስትጀምር ደግሞ ወንዙ ከቤቷ ሸሸ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የምንለው ተረት እዚያ ቃል በቃል ተፈጸመ። በዓለም ትልቁ ወንዝ ዳር እናቶች ጄሪካን ተሸክመው የተሰነጠቀ ጭቃ ላይ በእግራቸው ሄዱ። የትምህርት ቤቱ ጀልባ ቆመ። ቴፌ ሐይቅ ላይ ውሃው ከ39 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከ150 በላይ የወንዝ ዶልፊን ሞቶ ተንሳፈፈ።

ፒራሩኩው የሚወጣውም በዚያው የጉድለት ወር ነው። ሐይቁን ጠብቀዋል። ቆጥረዋል። ፈቃዱም ወጥቷል። ዓሣው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነበር፤ እየወጣ ሲተነፍስ ድምፁ ይሰማል። ከሐይቁ ወደ ወንዙ የሚያወጣው ጅረት ግን በብዙ ቦታ ደርቆ ነበር። በረዶ የጫነው ጀልባ ሊገባ አልቻለም። አንዳንዶቹ ሰማንያ ኪሎ ዓሣ በጀርባቸው ተሸክመው በጭቃ ለማውጣት ሞከሩ። ሌሎቹ ታንኳቸውን ዳር ላይ አስረው ዝናብ ይጠብቁ ጀመር።